በቅናሽ የገባን ልጆች

ወደ ኢንጂነሪንግ የገባሁት በቅናሽ ነው። ዛሬ ይህን አፌን ሞልቼ ስናገር ቀላል ይመስላል፤ በ2003 ዓ.ም. ኮምቦልቻ ስገባ ግን ከጥርሴ የሚወጣ ነገር አልነበረም። ያኔ ለሴቶች የመግቢያ ነጥቡ ዝቅ ይል ነበር፤ ታዳጊ ክልል ይባሉ ከነበሩት ከአፋር፣ ከሶማሌ፣ ከጋምቤላና ከቤንሻንጉል ጉሙዝ ለሚመጡ ልጆችም እንዲሁ። አዋጅ ቁጥር 650/2001 የፈቀደው ነው፤ ማንም አጥር ዘሎ አልገባም። ታዲያ አዋጅ ሌላ፣ የዶርም ወሬ ሌላ። ማታ መብራት ከጠፋ በኋላ አንዷ ከላይኛው አልጋ ሆና «አንቺ፣ ኢንትራንስ ስንት አመጣሽ?» ስትል፣ ስንቶቻችን እንቅልፍ የወሰደን መስለን ትንፋሻችንን ዋጥ እንደምናደርግ ብነግራችሁ አታምኑኝም።

ዘመኑ የ70/30 ዘመን ነው። ከመቶ ሰባው ተማሪ ሳይንስና ቴክኖሎጂ፣ ሠላሳው ማኅበራዊ ሳይንስ ይግባ ተብሎ፣ ከሰባው ውስጥ ደግሞ አርባው ለኢንጂነሪንግና ቴክኖሎጂ ተመድቦ፣ አገሩ ሁሉ በኢንጂነር ሊጥለቀለቅ ነው የተባለበት። ወሎ ዩኒቨርሲቲም በ1990ዎቹ መጨረሻ በአንድ ሰሞን ከተከፈቱት 13 ዩኒቨርሲቲዎች አንዱ ነው፤ ዋናው ግቢ ደሴ፣ የቴክኖሎጂው ኮምቦልቻ። በእኛ ቤት ግን ስለ ፖሊሲው ብዙ አልተወራም። እናቴ ለጎረቤቷ «አልሐምዱሊላህ፣ ልጅቷ ሩቅ አልደረሳትም» አለች፣ አለቀ።

ቤታችን ደሴ፣ ቧንቧ ውሃ ሰፈር ነው፤ ያኔም፣ አሁንም። እናቴ እንጀራ እየጋገረች ለሆቴሎች ታስረክባለች፤ ስለዚህ ያንን ዘመን ሳስብ መጀመሪያ የሚመጣብኝ ሽታ የአብሲት ነው፣ ቀጥሎ የባሕር ዛፍ ቅጠል ጭስ፣ ቀጥሎ ማለዳ ማለዳ ከጦሳ ተራራ ወርዶ በራችን ላይ የሚገተረው ጉም። (ጉም ሽታ የለውም የሚሉኝ አሉ። የደሴ ጉም አለው።) ከዚያ ቤት ወጥቼ ዶልፊን ተሳፍሬ የሐረጎን ጠመዝማዛ ቁልቁል ስወርድ፣ በ25 ኪሎ ሜትር ገደማ መንገድ ውስጥ 600 ሜትር ያህል ዝቅ እላለሁ፤ ደሴ ላይ የደረብኩት የወንድሜ ጃኬት ኮምቦልቻ ስደርስ ወገቤ ላይ ይታሰራል። ያ ጃኬት ለእኔ ሁለት ቁጥር ይሰፋኝ ነበር። ኪሱ ውስጥ ሁልጊዜ ቆሎ አይጠፋም።

የዚያን ጊዜዋን እኔን ብታዩዋት ትስቁ ነበር። መምህር አካለወልድ መሰናዶ ስማር እጄን ለማውጣት የምሽቀዳደም፣ ሰሌዳ ላይ ወጥቼ ስሠራ ጠመኔውን አስጩኼ የምጽፍ ልጅ ነበርኩ። ያቺ ልጅ ኮምቦልቻ ስትደርስ ድምጿ የት እንደገባ እንጃ። ክፍላችን ውስጥ ሴቶች በጣት የምንቆጠር ነን። ጥያቄ ይመጣብኛል፣ ከአፌ ጫፍ ይደርሳል፣ ይመለሳል። የሞኝ ጥያቄ ከወንድ አፍ ሲወጣ የሞኝ ጥያቄ ነው፤ ከሴት አፍ ሲወጣ ግን የቅናሹ ማስረጃ ነው የሚሆነው ብዬ እፈራለሁ። ማንም እንዲያ አላለኝም። ማንም ሳይለኝ እኔው ለራሴ የምለው ነው፣ እሱ ደግሞ ከሰው ሐሜት የባሰ ነው፤ ሐሜተኛ ቢያንስ ይተኛል።

አፕላይድ ማቲማቲክስ፣ ኢንጂነሪንግ ድሮዊንግ፣ ስታቲክስ። ሦስቱ ተሰልፈው መጡብን። ሚድ ተፈትነን ወረቀቱ ሲመለስ ሁሉም ሴት ወረቀቷን አራት ቦታ አጥፋ ደብተሯ መሃል ትከታለች፤ አንዷ የሌላዋን ነጥብ አታይም፣ አትጠይቅም። ከዚያ በኋላ ነው ማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ «ለሴት ተማሪዎች የተዘጋጀ የማጠናከሪያ ትምህርት» የሚል ወረቀት የተለጠፈው። በቅንነት የተለጠፈ ነው። የሚያስተምሩትም ከዕረፍታቸው ቀንሰው የሚመጡ ሰዎች ነበሩ። ችግሩ ክፍሉ ወደ ካፌ በሚወስደው መንገድ ዳር መሆኑ ነው፤ ቅዳሜ ጠዋት ወንዶቹ ደረጃው ላይ ፀሐይ እየሞቁ ሻያቸውን ይጠጣሉ፣ ወደዚያ በር የምትታጠፍ ልጅ ማን እንደሆነች ሁሉም ያያል። እኛም በዐይናችን ጥግ ማስታወቂያውን እያነበብን፣ ያላነበብን መስለን፣ ዳቧችንን ይዘን እናልፋለን። ይሉኝታ ይሉት ነገር ስንቱን ሰው ከዩኒቨርሲቲ እንዳባረረ የቆጠረ የለም።

ይህን ያየችው አንዲት ሲኒየር ናት። ወግዲ ነው አገሯ፤ ስሟን ልተወውና የወግዲዋ ልበላት፣ ግቢ ውስጥም ብዙውን ሰው በአገሩ ስም ነበር የምንጠራው። ሦስተኛ ዓመት ሲቪል ናት። ቀጭን፣ አንገተ ረዥም፣ ስትናገር ድምጿ ከሰውነቷ የሚበልጥ። አንድ ማታ ዶርማችን መጥታ በሩን ይዛ ቆመችና «ከእናንተ ውስጥ የደሴ ልጅ ማናት?» አለች። እኔ ነኝ አልኳት፣ ምን አጠፋሁ በሚል ድምፅ።

«እናትሽ እንግዳ ይወዳሉ?»

«እንዴ፣ አዎ። ለምን?»

«ቅዳሜ ቡና እንጠጣለን በያቸው። እስክሪብቶና ወረቀት እኛ እናመጣለን።»

እንዲህ ነው የተጀመረው። ማጠናከሪያ የለ፣ ድጋፍ የለ፣ ማስታወቂያ የለ። ቅዳሜ ጠዋት ሻንጣ ያነገቱ ሴቶች ዶልፊን ይሳፈራሉ፤ ወዴት ናችሁ ያለን ሰው ካለ ደሴ ቡና ልንጠጣ ነው። ውሸት አይደለማ። አቦል ይወርዳል፣ ቶና ይወርዳል፣ በረካው ሲደርስ ግን ጀበናው ጥግ ተገፍቶ ሳሎኑ ወለል ላይ ወረቀት ተዘርግቷል። እናቴ ጎረቤት ካለ አናጢ ሁለት የድሮዊንግ ሰሌዳ አሠርታልን ነበር፤ ጣውላው አዲስ ስለነበር ቤቱ ዕጣንና የተላገ እንጨት አብሮ ይሸታል። የላጲሱ ብናኝ ምንጣፉ ላይ ሲራገፍ ትቆጣለች፤ «እኔ የጠራሁት ለቡና ነው፣ ይሄ ደግሞ የምን ጣጣ ነው?» ትልና ተመልሳ ወደ ምጣዷ።

የወረኢሉዋን ልጅ እዚያ ነው ያወቅኳት። አብራኝ አንድ ክፍል ስትማር ድምጿን ሰምቼ አላውቅም ነበር። እሷ የመጣችበት መሰናዶ የቴክኒካል ድሮዊንግ መምህር ስላልነበረው ቲ-ስኩዌር የሚባለውን ነገር በዐይኗ ያየችው ኮምቦልቻ ነው። ሒሳቡን ትሠራለች፣ ድሮዊንግ ላይ ግን ዐይኗ ይፈዛል፤ አንድን ዕቃ ከፊት፣ ከላይና ከጎን አይተሽ በሦስት ሥዕል አውጪው ሲሏት፣ ሦስቱ ሥዕሎች ሦስት የተለያዩ ዕቃዎች ነው የሚመስሏት። የወግዲዋ በቃል አስረዳቻት፣ አልሆነም። መጽሐፍ ገለጠችላት፣ አልሆነም። ተነስታ ወደ ጓዳ ገባችና ከእናቴ ሰፌድ ላይ ትልቅ ድንች አንስታ በቢላ ጠረበችው። ጎንና ጎኑን ቀጥ፣ ከዚያ ከላይ አንዱን ማዕዘን ቆርጣ ጣለችና ደረጃ አስመሰለችው፤ የእንግሊዝኛው ኤል።

«ከፊት ቁሚና እይ። ምን ይታይሻል?»

«ድንች።»

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። እናቴ ከጓዳ ሆና ሳቀች። የወረኢሉዋ ራሷ ሳቀች፤ እዚያ ቤት ሳቋን ስሰማ የመጀመሪያዬ ነው።

«ቅርጹን ነው ያልኩሽ።»

«ኤል።»

«አሁን ከላይ ሆነሽ ቁልቁል እይው። አንድ ዐይንሽን ጨፍኚ።»

ጎንበስ ብላ ረዥም ጊዜ አየችው። «ሁለት አራት ማዕዘን ነው። አጠገብ ለአጠገብ።»

«አየሽ። ዕቃው አንድ ነው፣ የዞርሽው አንቺ ነሽ።» ከዚያ የወግዲዋ ድንቹን አዙራ ከጀርባው በቢላዋ ጫፍ ቀዳዳ ቆፈረች፣ ወደ ፊት እንዳይዘልቅ አድርጋ። መልሳ በፊቱ አቆመችው። «ቀዳዳው ይታይሻል?»

«አይታየኝም።»

«አለ?»

«አለ እንጂ። አሁን ቆፍረሽው።»

«እንግዲያው አስምሪው። ግን መስመሩን ቆራርጪው፣ ዳሽ ዳሽ አድርጊው። ያለ ግን ከዚህ በኩል የማይታይ ነገር እንዲያ ነው የሚሣለው።»

ሂደን ላይን ማለት ይህ ነው። ሴሚስተሩን ሙሉ ሲያስጨንቀን የከረመው ነገር በአንድ ድንች አለቀ። የወረኢሉዋ ያን ቀን ከሰሌዳው አልተነሣችም፤ ድንች በድንች ላይ እየጠረበች፣ እያዞረች፣ እየሣለች መሸ። እናቴም የተጠረቡትን ድንቾች ሰብስባ ወጥ ሠራችባቸው። ማታ ገበታ ላይ «ብሉ፣ ኢንጂነር የነካው ነው» ስትል፣ ባለ ቀዳዳው ድንች ለማን እንደሚደርስ ተሻምተንበታል።

እናቴ ሰላት አታጓድልም፤ የወረኢሉዋ ደግሞ ጾም አትገድፍም። ጾም በመጣ ቁጥር እናቴ ለብቻ ድስት ሽሮዋን ትጥዳለች፣ «የልጄ የጾም ድስት ነው፣ ቅቤ የነካ ማንኪያ እንዳታስገቡ» እያለች። ለእናንተ ወሎዬ ካልሆናችሁ ይህ ታሪክ ይመስላችሁ ይሆናል። ለእኛ ድስት ነው።

የጭፍራውን ልጅ ያመጣችው ከእኛው አንዷ፣ የኬሚሴዋ ናት። ስታቲክስ አንድ ግሩፕ ደርሷቸው ነው። አፋር ነው፤ ረዥም፣ ዝምተኛ፣ ጫማውን በር ላይ ካወለቀ በኋላ እዚያው በሩ አጠገብ የሚቀመጥ። ሴቶች ብቻ ባለንበት ቤት ወንድ ሲመጣ ትንሽ አንሾካሾክን። እናቴ ከላይ እስከ ታች አየችውና «ከስተሃል» አለችው፤ ከዚያ በኋላ የእርሷ ልጅ ሆነ።

ስለ እሱ ሁላችንም አንድ ነገር ደምድመን ነበር፤ እንግሊዝኛው ከብዶት ነው የምንል። ስለዚህም የወግዲዋ ጥያቄውን ሁሉ ወደ አማርኛ እየመለሰች ታስረዳዋለች፣ ቀስ ብላ፣ ደጋግማ። ራሱን ይነቀንቃል። ገባህ? ገባኝ። ፈተና ሲመጣ ምንም። አንድ ቅዳሜ ግን ዐይኑን በጨው አጥቦ ተናገረ፤ «ብትቀየሚኝም ግድ የለም፣ በእንግሊዝኛ ንገሪኝ። የከበደኝ አማርኛው ነው።»

እኛ ሳቅን። እሱ አልሳቀም።

ቆይተን ሳቃችን ተነነ። ልጁ እቤቱ የሚናገረው አፋርኛ ነው፤ መጽሐፉ ሁሉ እንግሊዝኛ ነው፤ አማርኛ በሦስተኛ ደረጃ የመጣበት ቋንቋ ነው። በአገራችን ዩኒቨርሲቲዎች ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ነው ይባላል፤ ነገሩ ሲጠጥር ግን፣ ልክ ዋናው ነጥብ ላይ ሲደረስ፣ «እንግዲህ በአማርኛ ላስረዳችሁ» ይባላል። ለእኔ ያቺ ደቂቃ የምተነፍስባት ናት። ለጭፍራው ልጅ በሩ የሚዘጋበት ደቂቃ ነበረች። ለሶማሌው ልጅም፣ ለጋምቤላውም። አንዱን ልጅ በነጥብ ቅናሽ ከበር አስገብቶ፣ ውስጥ ከገባ በኋላ ሌላ ክፍል ውስጥ እንደ መቆለፍ ያለ ነገር ነው፤ የሚቆልፈውም ሰው ክፉ ሆኖ አይደለም፣ ሊረዳ ብሎ ነው። እኛም ቧንቧ ውሃ ሳሎን ውስጥ፣ ቡና እያጠጣነው፣ ያንኑ እያደረግን ነበር።

ከዚያ ቅዳሜ ጀምሮ ልማዱ ተቀየረ። መጀመሪያ በእንግሊዝኛ፣ ለሁሉም። ከዚያ እያንዳንዱ በገዛ ቋንቋው ለራሱ ይናገረዋል። የኬሚሴዋ ሞመንትን በኦሮምኛ ስታስረዳ፣ የጭፍራው ልጅ ሪአክሽን ፎርስን በአፋርኛ ለራሱ ሲያጉረመርም፣ እናቴ ምጣዷ ላይ ሆና «ያ ረቢ፣ ይሄ ደግሞ የባቢሎን ግንብ ነው?» ትል ነበር። የሚገርመው ልጁ ሒሳቡ ከሁላችን ይሻል ነበር። ወር ሳይሞላ ጥያቄ የምንጠይቀው እሱን ሆነ። ከበሩ አጠገብ ተነስቶ ወደ መሃል የመጣበትን ቀን ግን ማንም ልብ አላለውም፤ አንድ ቀን ስናይ መሃል ነው።

አንድ ነገር ደግሞ አለ፣ ወንድ አንባቢዎች ከፈለጋችሁ ዝለሉት፤ ባትዘሉት ግን ይሻላል። ከገጠር የመጡት ልጆች በወር ውስጥ ጥቂት ቀን ክላስ ይቀሩ ነበር። አመማቸው ይባላል፣ ይታለፋል። ሚስጥሩን የደረሰችበት እናቴ ናት፤ ገንዘቡ ለሞዴስ አይበቃም። ለሃንዳውት ኮፒ ወይስ ለሞዴስ፣ ምርጫው እሱ ነው። እናቴ ምንም አላለችም። እሑድ ከሰዓት ወደ ኮምቦልቻ ስንመለስ ለእያንዳንዷ በጥቁር ፌስታል የተቋጠረ ነገር ታስይዛለች፤ በሶ ነው ትላለች ጮክ ብላ። በሶም አለበት፣ ሳሙናም አለበት፣ ከሥሩ ደግሞ ያኛው። በየዩኒቨርሲቲው የሥርዓተ ጾታ ቢሮዎች ለተቸገሩ ልጃገረዶች እንዲህ ያለውን ነገር እንደሚያሟሉ ያወቅኩት ኋላ ነው፤ ደግ ሥራ ነው፣ ግን ቢሮ ገብቶ መፈረም አለ። የእናቴ ፌስታል ፊርማ የለውም።

ከተመረቅኩ ከዓመታት በኋላ፣ አዲስ አበባ ሥራ ላይ ሆኜ፣ ስለ አንድ ኡሪ ትራይስማን ስለሚባል ሰው አነበብኩ። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ፣ ካሊፎርኒያ በርክሌይ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ፣ ጥቁር ተማሪዎች ካልኩለስ ላይ ለምን እንደሚወድቁ ሊያጣራ ይነሣል። መምህራኑን ሲጠይቅ፣ መሠረት የላቸውም፣ ፍላጎት የላቸውም፣ ቤተሰባቸው ድሃ ነው ይሉታል። እሱ ግን ከተማሪዎቹ ዘንድ ሄዶ እንዴት እንደሚያጠኑ ሲያይ ነገሩ ሌላ ሆኖ ያገኘዋል፤ ልጆቹ ይለፋሉ፣ ግን ለየብቻቸው ነው የሚለፉት። የቻይና ዝርያ ያላቸው ተማሪዎች ደግሞ አብረው ይበላሉ፣ አብረው ይሠራሉ፣ አንዱ የሌላውን ስሕተት ያርማል። ትራይስማን ከዚያ የከፈተውን ወርክሾፕ የደካሞች ማጠናከሪያ አላለውም። ጎበዝ መሆን ለሚፈልግ ነው አለ፣ ከባድ ከባድ ጥያቄ አቀረበላቸው፣ በቡድን አስቀምጦ አሠራቸው፤ ወድቀው ይመለሳሉ የተባሉት ልጆች ውጤታቸው አደገ። አንብቤ ስጨርስ ስልኬን አንስቼ እናቴ ዘንድ ደወልኩ። አሜሪካም እንዳንቺ ያለ ሰው አለ አልኳት። «ቡና ያፈላል?» አለችኝ።

ሁሉም ግን አልሆነም፣ ይህን ካልነገርኳችሁ ውሸታም ነኝ። የወረኢሉዋ ሁለተኛ ዓመት ላይ አባቷ ታመው ዊዝድሮው ሞልታ ሄደች፣ እመለሳለሁ ብላ። እርሻው ላይ ሰው የለም፣ ታናናሾች አሉ፣ አልተመለሰችም። ድሮዊንግ ከሁላችን የበለጠችው እሷ ነበረች። እናቴ የጾም ድስቷን ከመደርደሪያው ሳታወርድ ብዙ ጊዜ ቆየች፤ ጾም ሲገባ ታጥበዋለች፣ መልሳ ትሰቅለዋለች። ልጅቷ አሁን ወረኢሉ ላይ በእህል ንግድ ጥሩ ነገር ይዛለች። ባለፈው ሱቋን ስታሠራ ፕላኑን ተቀብላ ገልጣ፣ ደረጃው ከበሩ ጋር እንደሚጋጭ ለተቋራጩ ያሳየችው እሷ ናት። «ኢንጂነሩ ተቆጣ፣ ኋላ መጥቶ ሲለካው እውነት ሆነበት» ብላ በስልክ ስትነግረኝ ሳቀች፤ እኔም ሳቅኩ፣ ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ግን ሥራ መሥራት አልቻልኩም።

በጥቅምት 2014 የሕወሓት ኃይሎች ደሴና ኮምቦልቻ ሲገቡ ስልክ ተቋረጠ። እኔ አዲስ አበባ፣ እናቴ ቧንቧ ውሃ። እስከ ኅዳር ማለቂያ ድረስ የሰማሁት ነገር ሁሉ የሰው ወሬ ነው፤ ዩኒቨርሲቲው ተዘረፈ፣ ኮምፒውተሩ ተጫነ፣ ላብራቶሪው ባዶ ቀረ፤ ይህ እንኳ እውነት ነበር። መስመሩ ሲመለስ እናቴ ስለ ሞት አላወራችኝም፣ ስለ ረሃብም አላወራችኝም። ትንሽ ፈራ ተባ ብላ «አንቺ፣ እነዚያን የድሮዊንግ ሰሌዳዎች ለምጣድ አነደድኳቸው። መብራት የለ፣ ቅጠል የለ። አትቆጪኝ» አለች። እንጀራው እንዴት ወጣ አልኳት። ጥሩ ወጣ አለች።

ከዚያ ወዲህ ሳሎኑ ሌላ ሰሌዳ አልገባበትም፣ ልጆች ግን ገብተውበታል። በ2014ቱ የ12ኛ ክፍል ፈተና ከ50 በመቶ በላይ ያመጣው ተማሪ ከመቶ 3.3 ብቻ ሲሆን፣ ሪሜዲያል የሚባለው የማካካሻ ትምህርት መጣ፤ የእኛ ሰፈር ልጆችም ደረሳቸው። የጎረቤታችን ልጅ «ሪሜዲያል ናት» ስትባል አንገቷን ስትደፋ አይቼ የራሴን አንገት ነው ያየሁት። እናቴ ታዲያ ጀበናዋን ጣደች፣ ልጅቷን ላከችና ጓደኞቿን አስጠራች። ድንች የምትጠርብላቸው የወግዲዋ የለችም፤ እኔ ለበዓል ስመጣ እተካለሁ፣ ሌላ ጊዜ በስልክ ቪዲዮ።

የጭፍራው ልጅ ሰመራ ከተማ ያስተምራል። ባለፈው ዒድ ደሴ እያለሁ ደወለ። ቅዳሜ ቅዳሜ እቤቱ ተማሪዎች ይሰበስባል፣ ወንዶቹ ይመጣሉ፣ ሴቶቹ ግን ከምሽቱ አንድ ሰዓት በፊት ተነስተው ይሄዳሉ፣ ገና ሲሞቅ ይቋረጣል አለኝ። የእናንተ ቤት እንዴት ነበር ይህ ነገር የማይገጥመን ብሎ ነው የሚጠይቀኝ። እኔ መልሱን ሳወጣ ሳወርድ እናቴ ስልኩን ከእጄ ወሰደችው።

«አንተ ልጅ፣ ፍራሽ ስንት አለህ?»

«ፍራሽ? ሁለት፣ እማማ።»

«ሁለት ምን ይሆናል! እኔ ቤት የሚያድሩት ስንት ነበሩ? ለአባቶቻቸውም ዐርብ ዐርብ እኔው ነበርኩ የምደውለው፤ ነገ እኔ ዘንድ ያድራሉ፣ እሑድ ወደ ግቢያቸው ይመለሳሉ እያልኩ። ሚስትህ ትደውልላቸው፣ አንተ አትደውል።»

«እማማ፣ እዚህ እኮ ሙቀት ነው፣ ፍራሽ አያስፈልግም፣ ሰሌን ይበቃል።»

«ለሰው ልጅ ሰሌን?» አለች እናቴ፣ ወደ እኔ ዞራ፣ ድምጿን ዝቅ እንኳ ሳታደርግ። «ይሄ ልጅ አሁንም እንደከሳ ነው። ፍራሽ በምን ይላካል፣ ሎግያ የሚሄድ መኪና ከየት ነው የሚነሳው?»